እንቁላል የጣለው ምላስ

የላም ምላስ በእጃችሁ ነክታችሁ ታውቃላችሁ? ተቀቅሎና ተልጦ በሚጥሚጣ የቀረበውን አይደለም የምጠይቃችሁ። ጨው የያዘ መዳፋችሁን ስትልስ የሚሰማችሁን ነው። ከአፏ ሲወጣ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል፤ ሲመለስ ግን እንደ ሞረድ ይፍቃል። አንድ ምላስ ነው፣ ጠባዩ ግን ሁለት ነው። በሆሳዕናና በዙሪያዋ ከብት ባለበት ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ያወቀውን ቁም ነገር ብሎ የያዘው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ጵርስቅላ ትባላለች።

ጵርስቅላ የሀቢቾ ልጅ ናት። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ሳለች ባዮሎጂ አስተምሬያታለሁ። አሁን ስሙን በማልጠራው አንድ ኮሌጅ የሜካኒካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። እኔም የዚያው መንደር ልጅ ስለሆንኩ እናቷን እትዬ ማራኪን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። እንሰት በመፋቅ የሚተካከላቸው አልነበረም። ለደቦ አብራቸው የተቀመጠች ሴት ቀና ስትል እሳቸው ሌላ ሽፋን ጀምረው ታገኛቸዋለች ይባል ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት ተኩል ደም ግፊት ጣላቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ የግራ እጃቸውና የግራ እግራቸው ግን ከዳቸው።

ለማያውቅ ሰው ሥራው እንዴት እንደሆነ ልንገር። ያኔ እኔም የማውቀው ከሴቶች ሲወራ በሰማሁት ብቻ ነበር። ከእንሰቱ ግንድ ተራ በተራ የሚላጠው ሽፋን ወፍራም፣ ውሃ የቋጠረና ሙልጭልጭ ያለ ነገር ነው። ሴቲቱ መሬት ተቀምጣ፣ ዘንበል ብሎ በቆመ ሳንቃ ላይ ትዘረጋዋለች። አንድ እግሯን አንስታ ከላይ በተረከዟ ትጫነዋለች፤ በአንድ እጇ ትወጥረዋለች፤ በሌላው እጇ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ሥጋው ወርዶ ቆጮ ይሆናል፤ ቃጫው በእጇ ይቀራል። ግራ ጎን ሲሄድ የሚጫነው ተረከዝም የሚወጥረው እጅም አብረው ሄዱ ማለት ነው። ወንድ ደግሞ ሊያግዝ አይችልም። ሴቶች በሚፍቁበት ቦታ ወንድ መቆሙ በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

ጎረቤት አልጨከነባቸውም። ተራ ገብተው ይፍቁላቸው ነበር። እትዬ ማራኪ ግን አንድ ቀን ልጠይቃቸው ብሄድ እንዲህ አሉኝ፦ «ሰው የፋቀልኝን እየበላሁ በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ፤ እንግዳ ደግሞ አንድ ቀን መሄድ አለበት።» ጵርስቅላ በሩ ሥር ቆማ ሰምታለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ነገር አላሰበችም።

በዚያው ሰሞን ደወለችልኝ። ኮሌጁ ለመመረቂያ ሥራ ካቀረባቸው ርዕሶች አንዱ «ከእንስሳት የአካል አሠራር የተቀዳ ለስላሳ የሮቦት እጅ» የሚል ነበር። ብረት ጣት የሌለው፣ አየር ሲሞላ እንደ ሥጋ የሚታጠፍና የያዘውን የማይጎዳ እጅ ማለት ነው።

«ቲቸር፣ ቪዲዮው ሁሉ የዝሆን ኩምቢና የኦክቶፐስ ክንድ ነው» አለችኝ።

«ታዲያ ከዝሆኑ ጀምሪያ!»

«ዝሆን የት አባቴ ላግኝ? ሀቢቾ ያለው ላም ነው። ላም ደግሞ እርጥብ ሣር በምላሷ ጠምዝዛ ነው የምትነቅለው። እርጥብ ነገር አያመልጣትም።»

መምህሯ እኔ ነበርኩ፤ የተማርኩት ግን እኔ ነኝ።

በመስቀል የሰፈራችን ሰዎች ተሰብስበው ቅርጫ አረዱ። በእኛ ቅርጫ ሥጋው በዕጣ ይከፋፈላል፤ ምላሱ ግን ዕጣ ውስጥ አይገባም። ለቡድኑ ታላቅ ይሰጣል። ታላቁ ጋሽ ዘርአብሩክ ናቸው። ጸሎት ተደርጎ፣ በሬው ተገፎ፣ ሥጋው በኮባ ላይ እየተደለደለ ሳለ ጵርስቅላ ወንዶቹን አልፋ ፊታቸው ቆመች።

«ጋሽ ዘርአብሩክ፣ ምላሱን ለእኔ ይስጡኝ።»

ቢላው ሁሉ ቆመ።

«ኮሌጅ ቀለብ አቆመ እንዴ?» አለ አንዱ። ሳቁ።

«ልበላው አይደለም። ሰንጥቄ ላየው ነው።»

«ምኑን ነው የምታዪው?» አሉ ሽማግሌው።

«እንዴት እንደሚይዝ። አጥንት የለውም፤ ግን ይይዛል። እማዬ የሚይዝላት ነገር ያስፈልጋታል።»

ጋሽ ዘርአብሩክ ምላሱን ከኮባው አንስተው መዘኑት፤ በአውራ ጣታቸው አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ አሹት። «ይሄን ያህል ዘመን በልቼዋለሁ፤ አንድ ቀን እንዴት ነው የምትይዘው ብዬ አልጠየቅኩትም» አሉና ዘረጉላት። «ውሰጂ። ለሰው ስታወሪ ግን ሰጡኝ በይ፤ ቀማኋቸው እንዳትዪ።»

በማግሥቱ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነበር፤ የቤተ ሙከራው ቁልፍ ግን እኔ ጋ ስለነበር ሁለታችን ገብተን ምላሱን ሰነጠቅነው። ጡንቻው በቁመት፣ በወርድና ከላይ ወደ ታች ተጠላልፎ ተሠርቷል። አንደኛው ሲኮማተር ሌላው ይረዝማል፤ አጥንት ሳያስፈልገው ይጠነክራል፣ ይታጠፋል። ከላይ ያሉት ጥቃቅን እሾኮች ደግሞ ሁሉም ወደ ጉሮሮ ያዘነበሉ ናቸው። ሣሩ ወደ ውስጥ ሲሄድ ያሳልፉታል፤ ወደ ውጭ ልመለስ ሲል ይነክሱታል። ጵርስቅላ ጣቷን ደጋግማ አመላለሰችበት። ከዚያ፣

«ቲቸር፣ አንድ እጅ ብቻ ያላት ሴት ገመድ ማሰርም መፍታትም አትችልም» አለች። «ይሄ ግን ስትስበው ራሱ ያስራል፤ ስትገፋው ራሱ ይፈታል።»

ሐሳቡ ይኸው ነበር። ሳንቃው ጫፍ ላይ፣ ተረከዝ ይጫንበት በነበረው ቦታ፣ ሁለት የጎማ ምላሶች ይገጠማሉ። እትዬ ማራኪ በደኅናው እግራቸው ፔዳል ሲረግጡ ትንሽ ፓምፕ አየር ይሞላቸውና ሽፋኑን ከግራና ከቀኝ ያቅፉታል። መፋቂያው ወደ ታች ሲስብ እሾኮቹ ይነክሳሉ። ሽፋኑ እየተፋቀ ሲሳሳ ምላሶቹ አብረው ይጠብባሉ። መጨረሻ ላይ በዚያው በቀኝ እጅ ቃጫውን ትንሽ ወደ ላይ ገፋ ማድረግ ነው፤ ይለቃል። ብረት ቢሆን ቃጫውን ይበጥሰው ነበር።

ለጎማው የሚሆነውን ሲሊኮን፣ መስኮት የሚገጠምበትን ማጣበቂያ፣ የገዛችው ከሃቢባ ሱቅ ነው። ጵርስቅላ ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ሃቢባን አላስቻላትም።

«አንቺ ልጅ፣ ቤትሽ ስንት መስኮት ነው ያለው?»

«መስኮት አይደለም፤ ምላስ ነው የምሠራው።»

«ውይ! ያለሽ መቼ አነሰሽ!»

የመጀመሪያው ምላስ አየር ሲገባው ፈነዳ። ሁለተኛው ያዘና አልለቅም አለ። ሦስተኛው እሾኮቹ ለስልሰው ሽፋኑን እንደ ዓሣ አስመለጠው። አራተኛው ሰመረ። ይህ ሁሉ አራት ወር ፈጀ።

የካቲት ላይ ጵርስቅላ ሀቢቾ ወስዳው ሲሞከር ልገኝ ሄድኩ። እስከ ጓሮው አጥር ብቻ ነው የደረስኩት። ሴቶቹ «እስከዚያ ድረስ ነው» አሉኝ፤ እኔም እንደ ደንቡ ፊቴን አዙሬ ቆምኩ። የፓምፑን ጉርምርምታ ሰማሁ። ቀጥሎ የመፋቂያውን ድምፅ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ሳይቋረጥ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከዚያ ጓሮ የእትዬ ማራኪ የራሳቸው የእጅ ምት ተሰማ።

«ማቴዎስ! አለህ?» ብለው ጮኹ።

«አለሁ፣ እትዬ።»

«ይይዛል! ከባሌ እጅ ይሻላል!»

አጥሩ በሳቅ ተናወጠ። ጵርስቅላ ስልኳን አውጥታ ልትቀርጽ ብትል ግን ጎረቤቶቹ አንድ ላይ ጮኹባት። «ቀሚሳችንን ሰብስበን የተቀመጥነውን ለኮሌጅ ወንዶች ልታሳዪ ነው?» ስልኩን መለሰችው። ስለዚህ ማሽኑ እንደሚሠራ የሚመሰክር አንድም ምስል የለም። ያዩት ሴቶች ብቻ ናቸው። ሦስት ወር ሙሉ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ እትዬ ማራኪ የቤታቸውን ቆጮ ራሳቸው ፋቁ።

ግንቦት ላይ የግምገማው ቀን ደረሰና ጵርስቅላ ማሽኑን ነቅላ ወደ ሆሳዕና አመጣችው። ገምጋሚዎቹ ሦስት ነበርን፤ ሰብሳቢው ኢንጂነር ሶፎንያስ፣ የኤሌክትሮኒክስ መምህሩ ቲቶ፣ እና ለባዮሎጂው ክፍል ከውጭ የተጋበዝኩት እኔ። አዎ፣ እኔ። ሦስታችንም ቆጮ በልተን ያደግን ነን። ሦስታችንም በዕድሜያችን አንድ ሽፋን ፍቀን አናውቅም።

ሶፎንያስ ክፉ ሰው አይደለም። ተማሪ ሲታመም በገዛ ሞተሩ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ሰው ነው። እጁ ላይ ግን ፎርም ነበር፤ ፎርሙ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ካለው ከሰው አገር ቪዲዮ የተቀዳ ነው። ለስላሳ የሮቦት እጅ ሲባል እዚያ ሁሉም የሚያነሳው እንቁላል ነው። መስፈርቱም፣ «እንቁላል ከላይ አንጠልጥሎ ሳይሰበር ለአንድ ደቂቃ መያዝ» ይላል።

«ይሄ ለእንቁላል አልተሠራም» አለች ጵርስቅላ። «እርጥብና ረጅም ነገር ለመያዝ ነው። የእንሰት ሽፋን ይምጣና ይሞከር።»

ቲቶ ሳቀ። «አዳራሽ ውስጥ ቆጮ ልትፍቂልን ነው?»

«እኔ አይደለሁም። እናቴ በር ላይ ናት፤ እሷ ታሳያችሁ።»

ሶፎንያስ መነጽሩን አወለቀ። «እህቴ፣ እናትሽ ወንዶች ፊት ተቀምጠው ይፍቁ ነው የምትዪው? ነውር መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ። እናከብራቸዋለን፤ አናዋርዳቸውም።»

«እንግዲያው ሴት መምህራን ይዩና ለእናንተ ይንገሯችሁ።»

«ሴት መምህራን ኮሚቴ ውስጥ የሉም» አለ ሶፎንያስ።

የሉም! አለመኖራቸውን እንደ አየር ጠባይ ነገራት። እኔስ? እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ብዕሬን አሽከረክር ነበር።

እንቁላሉ መጣ። ማሽኑን ገልብጠው አንጠለጠሉት። ምላሶቹ አየር ሞልተው እንቁላሉን አቀፉት። ግን እሾኮቹ የሚይዙት በአንድ አቅጣጫ ሲሳብ ነው፤ ተገልብጦ ሲንጠለጠል ክብደቱ የሚስበው በሚያንሸራትተው በኩል ነበር። አሥር ሴኮንድ ያህል ቆየ። ከዚያ እንቁላሉ ሾልኮ ፎርሙ ላይ ፈሰሰ። ቲቶ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንስቶ «ጥብስ ይሁን ፍርፍር?» አለ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። ጵርስቅላ ግን እኔን ነበር የምታየው፤ ሌላ ማንንም አይደለም።

«አላለፈም» የሚለው ላይ ሶፎንያስ ፈረመ፤ ቲቶ ፈረመ። «መምህር፣ እርስዎም ይፈርሙ» ተባልኩ። ያንን የጎማ መያዣ ከምላሱ ስንጥቅ ጀምሮ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ሲሠራ በጆሮዬ የሰማሁት እኔ ነበርኩ። ፈረምኩ። ለምን? መስፈርቱ ተጽፏል፣ እንቁላሉም ወድቋል ብዬ ራሴን አታለልኩ። እውነቱ ግን ይህ ነው፦ ስለ ሴቶች ሥራ በወንዶች ስብሰባ ላይ መከራከር አሳፈረኝ።

ውሳኔው በዚህም አላበቃም። ፓምፑና ቫልቩ የኮሌጁ ንብረት ስለሆኑ መያዣው መጋዘን ገብቶ እስከ ሰኔ ሠላሳ እንዲፈታ ታዘዘ። ሲሊኮኑ ከቫልቩ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ ሲፈታ ይቀደዳል። እትዬ ማራኪ በር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ሦስት ሰዓት ተቀምጠው ነበር። መፋቂያቸውን በነጠላ ጠቅልለው ይዘው መጥተዋል። ማንም አላስገባቸውም። ልጃቸው ባዶ እጇን ወጣች።

ከሳምንት በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ሀቢቾ ሄድኩ። ሴቶቹ ጓሮ ነበሩ፤ ለእትዬ ማራኪ ተራ ገብተው እየፋቁላቸው ነው። እሳቸው ዳር ላይ ተቀምጠው ቃጫ ይለያሉ። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ «እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ከአጥር ውጭ ሆነህ ነው ይቅርታ የምትጠይቀው? ግባ።»

«ነውር አይደለም እንዴ?»

«ነውሩን ግንቦት ላይ ጨርሰኸዋል። ግባ።»

ገባሁ። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን እያወረዱ ተነሡ። እትዬ ማራኪ በደኅናው እጃቸው ባዶውን ሳንቃ አመለከቱኝ። «ተቀመጥ። ጫማህን አውልቅ።» አዲስ ሽፋን ተዘረጋልኝ፤ መፋቂያው እጄ ገባ። እንደነገሩኝ ተረከዜን ከላይ ጫንኩ፤ በግራ እጄ ወጠርኩ፤ በቀኜ ሳብኩ። ሽፋኑ ከተረከዜ ሥር ፍትልክ ብሎ ወጣና ደረቴን በጭማቂው አጠበው። እንደገና ሞከርኩ። ወደ ጎን ሸሸ። ሦስተኛው ላይ ተረከዜ ራሱ ተንሸራቶ በጀርባዬ ተዘረርኩ። ሴቶቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አንዷ፣ «ዲግሪው አልያዘለትም!» አለች። በሁለት ጤነኛ እጅና በሁለት ጤነኛ እግር አንድ ስንዝር እንኳ መፋቅ አልቻልኩም። እጄን ጭማቂው እስኪያሳክከኝ ድረስ ያንን ነገር ታገልኩት። መያዝ ማለት ምን እንደሆነ ያን ዕለት ነው የገባኝ፤ የእኔ ጡንቻ ያልቻለውን ነገር ነበር አንዲት ልጅ ከበሬ አፍ ተምራ የሠራችው።

እትዬ ማራኪ ግን አልሳቁም።

«እንቁላልማ ታነሳለህ፤ አይደል?» አሉኝ።

«አነሳለሁ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው አልፈሃል፤ ልጄ ናት የወደቀችው።»

አንገቴን ደፋሁ። «አፈርኩ» አልኳቸው።

«ማፈርህ ሳንቃዬ ላይ አይይዝልኝም።» ድምፃቸው አልጨመረም። «ልጄ ተምራ ሌላ ትሠራ ይሆናል። እኔ ግን ከዚህ ዓመት ወዲያ ይህ እጄም መቆየቱን አላውቅም። ሦስት ወር ሰው ነበርኩ። እዚህ ለእኔ አትንገረኝ። የፈረምከው ሰው ባለበት ነው፤ የምትናገረውም ሰው ባለበት ይሁን።»

በማግሥቱ ፊርማዬን ማንሳቴን ለኮሌጁ በደብዳቤ አሳወቅኩ። መልስ የለም። ቢሮ ሄድኩ፤ «የተዘጋ ጉዳይ ነው» ተባልኩ። ለማን ነው የተዘጋው? መጋዘኑ ነው የተዘጋው! ሀቢቾ ላይ ጉዳዩ በየሳምንቱ ሁለት ቀን፣ በባዶ ሳንቃ ፊት፣ ክፍት ሆኖ ተቀምጧል።

እኔ የበኩሌን እዚህ ተናግሬያለሁ። ሳልፈትን ፈርሜያለሁ፤ አይቼ ሳይሆን አፍሬ ፈርሜያለሁ። ያነበበ ሁሉ በስሜ ይጥራኝ። አሁን ተራው የእርስዎ ነው፣ ኢንጂነር ሶፎንያስ። ዛሬ ሰኔ አሥራ ሁለት ነው፤ መያዣው እስኪፈታ አሥራ ስምንት ቀን ቀርቶታል። ደብዳቤ አልጠይቅም፤ ቢሮ ገብቼ ሻይ አልጠጣም። የኮሌጁን አዳራሽ ሁለቱንም በር ያስከፍቱ። የሀቢቾ ሴቶች ከፊት ወንበር ይቀመጡ፣ እትዬ ማራኪም መካከላቸው ይሁኑ። እርስዎም ተነሥተው፣ በማይክሮፎን፣ ሁሉም በሚሰማው አማርኛ ይመልሱላቸው፦ ሦስት ወር የሠራን ነገር አይሠራም ብለው የቆለፉት በማን ምስክርነት ነው?